ሰርቪስና ቦሎ፦ መካኒክ ላልሆነ አሽከርካሪ

የዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ሲቃረብ ጋራዦች ይጨናነቃሉ። ዓመቱን ሙሉ ኮፈኑ ተከፍቶ የማያውቅ መኪና በአንድ ሳምንት ውስጥ ፍሬኑ ይታይለታል፣ አምፖሉ ይቀየርለታል፣ ላቫጆ ገብቶ ሆዱ ሳይቀር ይታጠባል። አንዳንዱም የእሳት ማጥፊያ፣ ባስ ሲልም ደህና ጎማ ከጓደኛው ተውሶ ይገባና ቦሎውን ለጥፎ ሲወጣ የሰው ዕቃ ይመልሳል። ከዚያ ያው መኪና፣ ባለቀው ጎማው፣ ልጆች አሳፍሮ የእንጦጦን ቁልቁለት ይወርዳል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ያለው ነገር እንዲቀር ከልቤ ስለምፈልግ ነው። መኪና መፍታትና መግጠም ማወቅ አይጠበቅብዎትም። ምን፣ መቼ፣ ለምን እንደሚደረግ ካወቁ ግን ከመካኒኩም ከመርማሪውም ጋር በእኩል ይነጋገራሉ፤ ገንዘብዎም የት እንደሄደ ያውቃሉ።

መጀመሪያ ሁለቱን ይለዩ

ሰርቪስ ማለት የሚያልቀውንና የሚያረጀውን ነገር ጉዳት ከማድረሱ በፊት መቀየር ነው፦ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ኩላንት፣ የፍሬን ዘይት፣ ቺንጋ። ዓመታዊ ምርመራ ደግሞ መኪናው በዚያ ዕለት መንገድ ላይ ለመውጣት ብቁ መሆኑን ማየት ነው። በአገራችን ምርመራው የተመሠረተው ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ በወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ላይ ሲሆን፣ ማለፍዎን የሚያሳየው የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ ነው።

መርማሪው ሞተርዎን አይፈታም። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረም አይጠይቅዎትም። የታይሚንግ ቺንጋው ሊበጠስ አንድ ሐሙስ የቀረው መኪና ምርመራውን በሰላም ሊያልፍ ይችላል። ሰርቪሱ በሰዓቱ የሚደረግለት መኪና ደግሞ አንዲት የታርጋ አምፖል ተቃጥላበት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ «ቦሎ ወስጃለሁ፣ መኪናዬ ደህና ነው» የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ቦሎው ስለ ፍሬን፣ ስለ መብራት፣ ስለ ጎማና ስለ ጭስ ይናገራል፤ ስለ ሞተሩ የነገ ዕጣ ግን ዝም ይላል።

ደረጃ አንድ፦ ደብተር ይግዙ

ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከሊብሬው የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሞተር ቁጥሩን፣ የተሠራበትን ዓመትና ሞዴሉን ይጻፉ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው መኪናው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ይህን በገዛበት ሳምንት ማድረግ አለበት፤ ምክንያቱም ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ ችግሩ የሚወጣው ምርመራ ቦታ ላይ፣ ሻጩ ስልክ ማንሳት ባቆመበት ጊዜ ነው። ቁጥሩ ዝገት በልቶት ወይም በቀለም ተሸፍኖ ከሆነም አሁኑኑ ያስጸዱት።

ቀጥሎ ባሉት ገጾች ላይ እያንዳንዱን ሥራ ይመዝግቡ፦ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተቀየረውን ዕቃ፣ ማርኩን፣ ዋጋውን፣ የሠራውን ጋራዥ። ደረሰኞቹን ከደብተሩ ጋር ይያዙ። መኪናውን የሚሸጡበት ቀን ሲመጣ ይህ ደብተር ያለበት መኪና በገዢ ዓይን የተለየ ነው።

ከጃፓን፣ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ አገልግሎ የገባ መኪና ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን ኪሎ ሜትር እንደ ማስረጃ አይውሰዱት። ማስረጃ የሌለውን ሰርቪስ እንዳልተደረገ ይቁጠሩትና ዘይቱን፣ ፊልትሮዎቹን፣ የፍሬን ዘይቱንና ኩላንቱን በአንድ ጊዜ አስቀይረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቁጠሩ። ወጪው ትንሽ አይደለም፤ ግን አንድ ጊዜ ነው።

ደረጃ ሁለት፦ ኪሎ ሜትሩንም ወሩንም ይቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚያውቀው 5,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይት እንደሚቀየር ነው። ደንቡ መጥፎ አይደለም። ግን የአዲስ አበባን መጨናነቅ ያስቡ። በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትርን በ83 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። በከተማ ውስጥ ቆም ቀስ እያለ በአማካይ በ15 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ግን ለዚያው ርቀት ከ330 ሰዓት በላይ ሞተሩን ያሠራል። መቁጠሪያው የሚመዘግበው መንገዱን ነው፤ ዘይቱ ግን የሚያረጀው ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ሁሉ ነው። ስለዚህ ተራ ማዕድናዊ ዘይት የሚጠቀሙ ከሆነ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር፣ ከሁለቱ የቀደመው ሲደርስ ይቀይሩ። ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ሆኖም ውሎው መጨናነቅ ውስጥ ለሆነ መኪና ጣሳው ላይ የተጻፈውን ረጅም ኪሎ ሜትር እንዳለ አልቀበልም።

የዘይቱ ውፍረት በመመሪያው መጽሐፍ ወይም በዘይት መሙያው ክዳን ላይ ይገኛል። ለ5ደብሊው-30 የተሠራ ዘመናዊ ሞተር ውስጥ «ወፈር ያለ ይሻለዋል» ተብሎ 20ደብሊው-50 ሲጨመር ዘይቱ ጠዋት በብርድ ጠባቦቹ ቀዳዳዎች ውስጥ ለማለፍ ይዘገያል። ዘይት የሚበላ ያረጀ ሞተር ላይ መካኒኩ ወፍራም ዘይት ቢመክር ምክንያት አለው፤ ደህና ሞተር ላይ ግን የለውም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀሳቸው። የአየር ፊልትሮ በየሰርቪሱ ይታያል፤ ኮረኮንች መንገድ ላይ የሚውል መኪና ቶሎ ይቀይራል፣ በበጋ አቧራማ ወራት ደግሞ የበለጠ። ተራ ካንዴላ ከ20,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር፣ ኢሪዲየም የሚባለው ደግሞ እስከ 100,000 ይሄዳል። የነዳጅ ፊልትሮ ከጀሪካን እየተቀዳ የሚነዳ መኪና ላይ ካሰቡት በፊት ይደፈናል።

ሁለት ነገሮች ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አንደኛው የታይሚንግ ቺንጋ ነው። የአብዛኛዎቹ ቪትዝና ያሪስ ሞተሮች ሰንሰለት ስላላቸው በየጊዜው አይቀየርም። የድሮው ኮሮላ 4ኤና 5ኤ ሞተሮች፣ የሃይኤስና የሃይሉክስ 3ኤልና 5ኤል ናፍጣ ሞተሮች ግን የጎማ ቺንጋ ናቸው፤ የቶዮታ መመሪያ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይቀየር ይላል። በናፍጣ ሞተር ላይ ይህ ቺንጋ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ያኔ የሚከፈለው የቺንጋ ዋጋ ሳይሆን የቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ነው። ሁለተኛው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ቪትዞች ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ አላቸው። ሲቪቲ የሚፈልገው የራሱን ዘይት ብቻ ነው። ለተራ አውቶማቲክ የሚሆነውን ቀይ ዘይት ጨምሮበት ካምቢዮውን የሚገድል ጋራዥ አለና፣ ዘይቱ ከመጨመሩ በፊት ጣሳውን አስመጥተው ያንብቡ።

ደረጃ ሦስት፦ ዘይት ሲቀየር አጠገቡ ይቁሙ

ዘይት መቀየር ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነውና ቡና ሊጠጡ አይሂዱ። መካኒኩ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሙቆ ካጠፋ በኋላ ከሥር ገብቶ የማፍሰሻውን ብሎን ይፈታል። ዘይቱ መጀመሪያ በወፍራሙ፣ ቀጥሎ እንደ ክር እየቀጠነ ይወርዳል፤ ጠብታ እስኪሆን ይጠበቅ እንጂ አይቸኮል። ብሎኑ ጫፍ ላይ ስስ ጥቁር ጭቃ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ጥፍር የሚይዘው የብረት ፍርፋሪ ካለ ግን ደብተርዎ ላይ ይጻፉትና ይጠይቁ። ብሎኑ ሲመለስ ሮንዴላው አዲስ ይሁን።

የዘይት ፊልትሮው ሲወጣ የጎማ ቀለበቱ አብሮት መውጣቱን ይዩ። አሮጌው ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ላይ ከተጠበቀ፣ መኪናው ከጋራዡ ወጥቶ ጥቂት ሳይሄድ ዘይቱን አስፋልት ላይ ይረጨዋል። አዲሱ ፊልትሮ ቀለበቱ ላይ ትንሽ ንጹሕ ዘይት ተቀብቶ በእጅ ይጠበቃል።

ለትንሽ የቤት መኪና የሚገባው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሊትር ነው። የ4 ሊትር ጀሪካን ገዝተው ከተረፈ ቀሪውን ይዘው ይሂዱ፤ የራስዎ ነው። ክዳኑ እርስዎ ፊት ይከፈት፤ ማሸጊያው የተነካ ከሆነ ይመልሱት። በመጨረሻም ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ሠርቶ ይጥፋና ጥቂት ቆይቶ፣ መኪናው ሜዳ ላይ እንደቆመ፣ የዘይት መለኪያው ይውጣ፣ ይጠረግ፣ እንደገና ይግባ፣ ይውጣ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ብሎ መሆን አለበት። ከላይኛው ምልክት ካለፈ ይቀነስ፤ መብዛቱም እንደ ማነሱ ይጎዳል።

ይህን መለኪያ ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ራስዎ ይዩት። ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው ቀይዋ የዘይት ምልክት ስለ ግፊት ነው የምትናገረው፤ እየነዱ ከበራች ጥግ ይዘው ወዲያውኑ ያጥፉ። ቤት እስክደርስ ማለት ሞተር ያስከፍላል።

ደረጃ አራት፦ ራዲያተሩና ከፍታው

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ በአብዛኛው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ መካከል ነው የሚሠራው። ታዲያ ራዲያተሩ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው፤ ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊት መያዝ ሲያቅተው፣ ደጋ ላይ ያለ መኪና ቆላ ካለው ቀድሞ ይፈላል። ብዙ ሰው ራዲያተር አሳጥቦ፣ ቴርሞስታት አስወጥቶ፣ የውሃ ፓምፕ ቀይሮ ችግሩ የሚገኘው ርካሹ ክዳን ላይ ነው። ስለዚህ ከክዳኑ ይጀምሩ።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም። ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ጭሱም ይበላሻል። የቧንቧ ውሃ ብቻ መጨመርም ራዲያተሩን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ለመኪናዎ የታዘዘውን ኩላንት በታዘዘው ልክ ይጠቀሙ። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን ፈጽሞ አይክፈቱ። በዚህ ምክንያት ፊታቸው የተቃጠለ ሰዎች አሉ።

ደረጃ አምስት፦ ፍሬን

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡ።

የፍሬን ሸራ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር ይቀየራል። የፊት ጎማው ቸርኬ ክፍተት ካለው ጎማው ሳይፈታ በባትሪ አብርተው ማየት ይችላሉ። ብዙ ሸራዎች ሲሳሱ ቀጭን የሚያፏጭ ድምፅ የምታሰማ ብረት አለቻቸው። ድምፁ ፍሬን ሲይዙ የሚሰማ ሹል ፉጨት ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ብረት በብረት የሚፍቅ ከሆነ ግን ሸራው አልቋል፣ ዲስኩም እየተበላ ነው። የኋላው ታምቡር ፍሬን ሲሆን ሸራው ስለማይታይ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ታምቡሩ ወጥቶ ይጸዳ፣ ሲሊንደሩም ዘይት እንዳያፈስ ይታይ።

አሽከርካሪዎች ፈጽሞ የሚረሱት የፍሬን ዘይቱን ነው። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወደ 140 ይወርዳል። የዶት 4 ቁጥሮች 230 እና 155 ናቸው። አሁን ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ የአባይን በረሃ ወደ ድልድዩ የሚወርድ መኪና ያስቡ፦ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ መኪናው ሰውና ዕቃ ጭኗል፣ እግር ከፍሬን አይነሳም። ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ያልፋል፣ ዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበት እንፋሎት ይሆናል። ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ፔዳሉ ድንገት ይለሰልስና ወለል ድረስ ይገባል። ይህ የሚደርሰው አዲስ ሸራ ያለው፣ ቦሎ የተለጠፈበት መኪና ላይም ነው።

መከላከያው ሁለት ነው። የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ አስለውጠው አየሩን ያስወጡ፤ ጎድሎ ሲገኝ ብቻ መጨመር አይበቃም፣ እንዲያውም የሚጎድለው ወይ ሸራ ስላለቀ ወይ የሚያፈስ ቦታ ስላለ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ኩርባ በፊት ማርሽ ቀንሰው ሞተሩ ራሱ እንዲይዝዎ ያድርጉ። አውቶማቲክ የሚነዱም ከሆነ ከዲ በታች ያሉት ምልክቶች የተቀመጡት ለዚህ ነው። ማርሽ ዜሮ አድርጎ መውረድ ቤንዚን ይቆጥባል የሚሉትን አይስሙ።

ደረጃ ስድስት፦ ጎማና እግር

የጎማው ጥርሶች መካከል፣ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ከፍ ብላ የምትታይ ትንሽ የጎማ ድልድይ አለች። ቁመቷ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ አልቆ ከእሷ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። እኔ ግን ክረምት ከመግባቱ በፊት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ጎማ እንዲነዱ አልመክርም፤ ጎርፍ በተኛበት አስፋልት ላይ ውሃውን ወደ ጎን የሚያወጣው የጉድጓዱ ጥልቀት ነው።

ዕድሜውን ደግሞ ጎኑ ላይ ያንብቡ። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ፤ 2319 ቢል በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥ ጎማ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የቆየ ሊሆን ስለሚችል ሳይከፍሉ ይህን ቁጥር ይዩ። ጎኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ጎማ ጥርሱ ቢያምርም አይግዙት።

የአየር ግፊቱ ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ጎሚስታው በእጁ መትቶ «በቂ ነው» ቢልዎ መለኪያ ይጠይቁት፤ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ይለካ። ስኮርታውን አይርሱ፣ ክሪኩ መሥራቱንም ይሞክሩት።

ጎማው በአንድ ጎን ብቻ ከተበላ ጥፋቱ የጎማው አይደለም። ቴስቲኒ (የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ) ላልቷል፣ ጎሚኒ (በእግሩ መገጣጠሚያ ያለው የጎማ ቡሽ) ተበልቷል ወይም አላይመንት ጠፍቷል። እነዚህ ሳይስተካከሉ አዲስ ጎማ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

ደረጃ ሰባት፦ ጋራዥ ሲገቡ

ለመካኒኩ የሚነግሩት ምልክቱን እንጂ መድኃኒቱን አይሁን። «ቴስቲኒ ቀይርልኝ» ካሉት ይቀይርልዎታል፤ ድምፁ ግን ከአሞርዛቶር ቢሆን ያው ሆነው ይመለሳሉ። «ጠዋት ጠዋት፣ ጉብታ ስወጣ፣ ከፊት በግራ በኩል ኳ ይላል» ካሉት ግን የሚፈልገውን ሁሉ ሰጥተውታል። አብረውት ይንዱና ድምፁን ያስሙት።

ቼክ ኢንጂን የምትለዋ መብራት ከበራች በኮምፒውተር ይነበብና ኮዱን ደብተርዎ ላይ ይጻፉት። ኮዱን አጥፍቶ የሚሸኝዎት ሰው አላከመልዎትም። መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ሞተሩ በአግባቡ እያቃጠለ አይደለምና ጫና ሳያበዙ ወደ ጋራዥ ይውሰዱት።

ዕቃ ሊገዙ ሶማሌ ተራ ሲወርዱ አሮጌውን ዕቃ በእጅዎ ይያዙ፣ የሻንሲ ቁጥሩንም ስልክዎ ላይ ፎቶ አንስተው ይሂዱ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ዕቃ እንዲልክልዎ ሲጠይቁም የሞዴሉን ስም ብቻ አይንገሩት፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት መኪናዎች የተለያየ ሞተር ስለሚኖራቸው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ይላኩለት። ያገለገለ በር፣ ስፖኪዮ ወይም መብራት መግዛት ነውር የለውም። ያገለገለ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦና ቺንጋ ግን ፈጽሞ አይግዙ። ሥራው ሲያልቅ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ይጠይቁ። ጥሩ መካኒክ ሳይጠየቅ ያሳያል፣ የተበላበትንም ቦታ በጣቱ ይጠቁማል፤ እንዲህ ያለ ሰው ካገኙ አይልቀቁት።

ደረጃ ስምንት፦ ወደ ምርመራ

ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት በፊት ቤትዎ ይጀምሩ። ማታ መኪናውን ከግድግዳ ፊት አቁመው አጭሩንና ረጅሙን መብራት ያብሩ፤ የሁለቱ ብርሃን ቁመት እኩል ካልሆነ ያስተካክሉ። ዞረው ጀርባውን ለግድግዳው ይስጡና ፍሬን ሲይዙ ሁለቱም ቀይ መብራቶች ግድግዳው ላይ መታየታቸውን በስፖኪዮ ይመልከቱ፤ ሰው መጥራት አያስፈልግዎትም። ፍሬቻ፣ የኋላ ማርሽ መብራት፣ የታርጋ መብራት፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የሁሉም ወንበር ቀበቶ፣ የእጅ ፍሬን ይሞከሩ። መስታወቱ በሾፌሩ ዕይታ አቅጣጫ የተሰነጠቀ ከሆነ ይቀየር፤ የጠቆረ ስቲከር ካለበት ይነሳ። የእሳት ማጥፊያው ጠቋሚ አረንጓዴው ላይ ይሁን። የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑ መኪናው ውስጥ ይኑሩ፤ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ አይውጡ።

ሰነዱ ሊብሬው፣ መንጃ ፈቃዱና የሦስተኛ ወገን መድኑ ነው። ይህ መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ለማንኛውም ባለመኪና ግዴታ ስለሆነ ቀኑ አልፎ እንደሆነ አስቀድመው ያሳድሱ። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለም ይጨርሱት።

በዕለቱ ሞተሩን አሙቀው ይግቡ፤ ቀዝቃዛ ሞተር ጭሱ ከልኩ በላይ ይሆናል። ከጭሱ ቀለም አስቀድመው ማወቅ የሚችሉት አለ፦ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፣ ያኔ ፊልትሮውን ቀድመው ይዩ፤ ከሞቀ በኋላም የማይቋረጥ ወፍራም ነጭ ከሆነ ኩላንት ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ምርመራውን ትተው ጋራዥ ይሂዱ።

መሣሪያ ባለው ማዕከል መኪናው የሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ ይወጣል። እዚያ የሚለካው የእያንዳንዱ ጎማ የፍሬን ጉልበት ነው፤ የሚፈለገው ጉልበቱ ከመኪናው ክብደት ጋር እንዲመጣጠን ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኙም እንዲቀራረብ ነው። ግራው በደንብ ይዞ ቀኙ ከላላ መኪናው በድንገተኛ ፍሬን ወደ አንድ ጎን ይስባል። ብዙ ሰው «ፍሬኔ ይይዛል እኮ» እያለ የሚመለሰው በዚህ ልዩነት ነው። ቀጥሎ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄዱ፣ የአሞርዛቶሮቹ አቅም፣ የመብራቱ አቅጣጫና ጭሱ ይለካሉ። ከሥር ደግሞ የሚያፈስ ዘይት፣ የላላ ቴስቲኒ፣ የተቀደደ ማርሚታ፣ የዛገ ሻንሲ ይታያል።

ካላለፉ አይከራከሩ፤ የወደቁበትን ምክንያት በጽሑፍ ይቀበሉና ወረቀቱን እንዳለ ለመካኒክዎ ይስጡ። ያ ወረቀት በመሣሪያ የተደረገ ምርመራ ውጤት ነው፣ ብዙ ግምት ያስቀርልዎታል። መኪናው ሳይታይ ቦሎ አስወጣለሁ የሚል ደላላ በር ላይ ቢያገኝዎት ይለፉት። አደጋ ሲደርስ እሱ አይገኝም፤ የሚጠየቀው ባለመኪናው ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ካለዎት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ የቢዋይዲና የፎልክስዋገን አይዲ መኪናዎች ከተማውን ሞልተውታል። «ሰርቪስ የለውም» ሲባል እሰማለሁ፤ ስህተት ነው። የሞተር ዘይትና ካንዴላ የለውም። ጎማ፣ ቴስቲኒ፣ ጎሚኒ፣ የፍሬን ዘይት፣ የባትሪው ማቀዝቀዣ ኩላንትና ትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ግን አሉት። መኪናው ከባድ ስለሆነ ጎማውን ቶሎ ይበላል። ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዘውና ሸራው ብዙ ስለማይሠራ ዲስኩ በክረምት ይዝጋል፤ ባዶ መንገድ ላይ አልፎ አልፎ ጠንከር አድርገው ፍሬን መያዝ ያጸዳዋል። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ሽቦ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሄድበት ነውና ላቫጆ ውስጥም ሆነ ጋራዥ ውስጥ ያልሠለጠነ ሰው አይንካው።

ረጅም ጉዞ ካለ

ለገና ላሊበላ፣ ለጥምቀት ጎንደር የሚሄዱ ከሆነ ሰርቪሱን በዋዜማው አያድርጉ። አንድ ብሎን ላልቶ ቢቀር የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ቀድመው አስጨርሰው ከተማ ውስጥ ይንዱት፣ መሬቱ ላይ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ጠዋት ጠዋት ይዩ። ጎማ የተፈታበት ማንኛውም ሥራ ከተሠራ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ የጎማዎቹን ብሎኖች በሙሉ እንደገና ያስጠብቁ።